የባላንስ ክብደትና የቸርኬ ጉዳት በጎንደር

ጎማ ባላንስ ሲደረግ ቸርኬው ላይ ሚዛኑን የምታስተካክል፣ ክብደት የምትባል ትንሽ ቁራጭ ትጨመራለች። መጠኗ ብዙ ጊዜ በ5 ግራም ልዩነት ይሄዳል። ድሮ የምትሠራው ከእርሳስ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2005 ጀምሮ እርሳሱን በቀላል መኪኖች ላይ ስለከለከለ፣ ዛሬ ዚንክና ብረት በብዛት ይታያሉ።

የሙያው ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ጎሚስታ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። ቃላቱ በመላው አገሪቱ ይሠራሉ፤ ጎንደር ላይ ግን ቤታቸው ያሉ ይመስላሉ። ጣሊያን ከተማዋን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ይዟት ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቅ ጦሩ እጅ የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፣ በኅዳር 1934። ፒያሳ ላይ ያሉት ሕንፃዎችና ከደባርቅ ወዲያ ያለው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የዚያው ዘመን ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ባጭሩ ይነገራል፦ ቸርኬው ባብዛኛው ተራ ብረት ነበር፤ ተጫረብኝ ብሎ የሚከፋም እምብዛም አልነበረም።

ነገሩ የተወሳሰበው አሉሚኒየም ቸርኬ ሲበዛ ነው። አሉሚኒየሙ ላይ ቀለም፣ ከላዩ ደግሞ ቨርኒሽ አለ። በመዶሻ የምትገባው ክብደት የብረት መንጠቆ አላት፤ መንጠቆዋ የቸርኬውን ከንፈር ትነክሳለች። ቨርኒሹ ከተፋቀ ውሃ ይገባል። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ሲገናኙ ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል። መጀመሪያ ነጭ ነጥብ ይታያል። ቀጥሎ ከቨርኒሹ ሥር እንደ ትል የሚሄድ ነጭ መስመር ይወጣል። የጎንደር ክረምት ለዚህ ይመቻል።

ጥፋተኛዋ ክብደቷ ብቻ አይደለችም። የብረትና የአሉሚኒየም ቸርኬ ከንፈር ቅርጹ ይለያያል፣ መንጠቆውም እንዲሁ። ያልገጠመ መንጠቆ ወይ ይላላል ወይ ይቧጭራል። ጎሚስታው ከቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ያገለገሉ ክብደቶችን በጣቱ እያገላበጠ ሲመርጥ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያገለገለ መንጠቆ ሽፋኑ አልቋል፣ ጉልበቱም ሞቷል። የእኛ ልጆች እጃቸው ጎበዝ ነው፤ የሚያንሳቸው ዕቃው ነው።

መፍትሔው ለአሉሚኒየም ቸርኬ ተለጣፊ ክብደት ነው። ከውስጥ በኩል ይለጠፋል፣ ከንፈሩን አይነካም። «ይወድቃል» የሚሉ አሉ፤ ሊወድቅም ይችላል። ባብዛኛው የሚወድቀው ግን ጭቃና ቅባት ላይ ሲለጠፍ ነው። ቦታውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በአልኮል መጥረግ ይበቃል። ከፍሬኑ አካል ጋር እንዳይነካካም መታየት አለበት። መንጠቆ የግድ ከሆነ ሽፋን ያለው አዲስ ይሁን።

ማንሳቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መንጠቆ ያለው በፒንሳ ይነቀላል፤ ካቻቢቴ አስገብቶ መፈንቀል ቨርኒሹን ይዞት ይሄዳል። ተለጣፊው በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ በፕላስቲክ ይገፋል። የቀረው ሙጫ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ይለቃል። አንዳንዶች ቤንዚን ቀለም ይጎዳል ይላሉ፤ ቶሎ ተጠርጎ ከታጠበ ብዙ አያሳስብም።

ትንሽ ጭረት ከሆነ ታጥቦና ደርቆ፣ ነጩ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተነሥቶ፣ ቀለምና ቨርኒሽ ይቀባል። የትሉ መስመር ርቆ ከሄደ ግን ላይ ላዩን መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቨርኒሹ ተገፎ እንደገና መሠራት አለበት። ተራ የብረት ቸርኬ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ከተቀባ ይበቃዋል።

የከተማው ኮብልስቶን ላይ የባላንስ ችግር አይታወቅም። መሪው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው አዘዞን አልፎ፣ ወደ ማክሰኝት ሲወረድ፣ ፍጥነቱ 80 ገደማ ሲደርስ ነው። ያኔም ወደ ባላንስ ከመሮጥ በፊት ቸርኬውን ከውስጥ ማጠብ ይሻላል። እዚያ የደረቀ ጭቃም እንደዚያው ያንቀጠቅጣል።