ስሙ ሌላ፣ ድንጋዩ ሌላ፦ ስለ ፋርስ ቤተ መንግሥታት በስህተት የምናወራቸው

«ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ»። መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ፣ ወይም ሲነበብ የሰማ፣ ይህን ሐረግ አይረሳውም። 127 አገሮችን የሚገዛ ንጉሥ፣ 180 ቀን የቆየ ግብዣ፣ የወርቅ ጽዋ፣ የእብነ በረድ አዕማድ። ብዙዎቻችን ስለ ፋርስ ቤተ መንግሥት ያለን ምስል ከዚያ የመጣ ነው። የቀረውን ፊልሙና ዩቲዩቡ ሞሉልን።

እኔም ስለ እነዚህ ፍርስራሾች ማንበብ ስጀምር የማውቀው ያንኑ ነበር። እያነበብኩ ስሄድ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ብዙዎቹ ቦታዎች የሚጠሩት ሠሪያቸው ባወጣላቸው ስም አይደለም። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ ሰው ባወጣላቸው ስም ነው። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ይጀምራል። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሌላ ሲሆን እናገራለሁ።)

«አስቴር የነገሠችው በፐርሰፖሊስ ነው»

አይደለም። መጽሐፉ ራሱ «ሱሳ» ይላል። ሱሳ በደቡብ ምዕራብ ኢራን፣ ወደ ኢራቅ በሚጠጋው ሞቃት ቆላ ውስጥ ነው። ፐርሰፖሊስ ግን ደጋ ላይ፣ ከሺራዝ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ሁለቱ አይገናኙም።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው «ዋና ከተማ» ሲባል አንድ ከተማ ስለሚታየን ነው። የፋርስ ነገሥታት ግን እንደ ወቅቱ ይዘዋወሩ ነበር። ሱሳ፣ ባቢሎን፣ ኤክባታና (የዛሬዋ ሐማዳን)፣ ፐርሰፖሊስ። ከነድንኳናቸው ይዞሩ የነበሩትን የእኛን ነገሥታት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ንጉሥ ዳርዮስ የሱሳን ቤተ መንግሥት ሲያሠራ ዕቃው ከየት እንደመጣ በጽሑፍ አስቀምጧል። ዝግባው ከሊባኖስ። ወርቁ ከሰርዴስና ከባክትርያ። የዝሆን ጥርሱ ከኩሽ፣ ከህንድና ከአራኮስያ። ድንጋይ ጠራቢዎቹ የኢዮንያና የሰርዴስ ሰዎች፣ ጡብ ሠሪዎቹ ባቢሎናውያን። እንደ ደረሰኝ ነው የሚነበበው። የዚያ ቤተ መንግሥት ባለቀለም የጡብ ቀስተኞች ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

አሁን ሱሳ የሄደ ሰው ኮረብታው ላይ ግንብ ያያል። ማማ ያለው፣ ምሽግ የመሰለ። «ይኸው የአስቴር ግንብ» ብሎ ፎቶ የሚነሳ አይጠፋም። ግንቡን ያሠሩት ግን በ1890ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ቁፋሮ አጥኚዎች ናቸው፤ ራሳቸውና ያገኙት ቅርስ የሚያድሩበት ቦታ ፈልገው። ጡቡን በከፊል ከፍርስራሹ ነው የወሰዱት። ዛሬ ቢሆን ያስከስሳቸው ነበር።

«ግድግዳው ላይ የተቀረጹት ጥቁሮች ኢትዮጵያውያን ናቸው»

ይህ ለእኛ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በፐርሰፖሊስ አፓዳና የሚባለው ትልቅ አዳራሽ አለ። ወደ እሱ በሚያወጣው ደረጃ ጎን 23 የመልእክተኞች ቡድን ለንጉሡ ስጦታ ይዞ ሲገባ ተቀርጿል። ከመጨረሻው ቡድን አንዱ የዝሆን ጥርስ ተሸክሟል፤ ሌላው ቀጭኔ ወይም ኦካፒ የሚመስል እንስሳ ይጎትታል። በብዙ መጻሕፍት ስማቸው «ኢትዮጵያውያን» ነው።

የፋርሶቹ ጽሑፍ የሚለው ግን «ኩሽ» ነው። ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የኑብያ አገር፣ አብዛኛው የዛሬ ሱዳን። «ኢትዮጵያ» ያሉት ግሪኮች ናቸው፤ በእነሱ ዘመን ቃሉ ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ በሙሉ ይይዝ ነበር። የአስቴር መጽሐፍም በዕብራይስጡ «ኩሽ» ነው የሚለው። ስለዚህ የተቀረጹት ጎረቤቶቻችን ናቸው ማለት ይሻላል። እኔ በግሌ ይህ ክብራችንን የሚቀንስ አይመስለኝም።

«ጀምሺድ የሚባል ንጉሥ አሠራው»

ኢራናውያን ፐርሰፖሊስን «ታኽተ ጀምሺድ» ይሉታል፤ የጀምሺድ ዙፋን ማለት ነው። ጀምሺድ ግን የተረት ንጉሥ ነው። ቦታውን በ518 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስጀመረው ዳርዮስ ነው፤ ልጁ ዘርክሲስና ተከታዮቹ ቀጠሉት። ፐርሰፖሊስ የሚለውም ግሪክኛ ነው። ባለቤቶቹ «ፓርሳ» ነበር የሚሉት።

እዚያው አካባቢ ፓሳርጋድ ውስጥ የቂሮስ መቃብር አለ። ስድስት እርከን ላይ የቆመ ትንሽ የድንጋይ ቤት፣ ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ቂሮስ፣ አይሁድን ከባቢሎን ምርኮ የለቀቀው። ለብዙ መቶ ዓመታት ግን ሕዝቡ «የሰሎሞን እናት መቃብር» ይለው ነበር። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ «ታኽተ ሶለይማን» አለ፤ የሰሎሞን ዙፋን። በእውነቱ የሳሳኒያን ነገሥታት (ከእስክንድር ብዙ ዘመን በኋላ ፋርስን የገዙት) የእሳት ቤተ መቅደስ ነበር። አጠገቡ ያለው ባዶ ሆድ ተራራ «የሰሎሞን እስር ቤት» ይባላል። ምስኪን ሰሎሞን፣ ያልረገጠው አገር ሁሉ ቤት ተሠርቶለታል።

መሳቁስ ቀላል ነው። ግን አክሱም ሄደን ዱንጉር ላይ «የንግሥት ሳባ ቤተ መንግሥት» የምንለው እኛ አይደለን? አጥኚዎች ያንን ፍርስራሽ የሚያስቀምጡት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ወደ ስድስተኛው መቶ ዘመን ነው። ከሳባ ጋር 1,500 ዓመት ያህል ይራራቃል።

ፋርሶቹ የአባቶቻቸውን ስም የረሱት ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም። ጽሑፉን የሚያነብ ስለጠፋ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ፊደል ነው። ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሰው ሁሉ እንደ ጌጥ እያየው አለፈ።

መጀመሪያ የፈታው ግሮተፈንድ የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው፣ በ1802። የያዘው ከፐርሰፖሊስ የተገለበጡ ጥቂት ጽሑፎችን ብቻ ነበር። አንድ ሐረግ ሲደጋገም አየና «ንጉሠ ነገሥት» መሆን አለበት ብሎ ገመተ። ከዚያ ዘሩን ተከተለ። አንዱ ንጉሥ የንጉሥ ልጅ ነው፤ አባትየው ግን የንጉሥ ልጅ አይደለም። በግሪኮች ታሪክ ይህ የሚገጥመው ለዘርክሲስና ለዳርዮስ ነው፤ የዳርዮስ አባት አልነገሠምና። በዚህ ብቻ የፊደሉን በር ከፈተው። እኛ በየደብዳቤው ራስጌ የለመድነው ማዕረግ ለአንድ የሞተ ፊደል ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ ይህን ነው የምወደው።

«በባሪያ ጉልበት የተሠራ ነው»

ግሪኮችና ፊልሞች እንዲህ ያስወሩናል። በ1933 እና በ1934 ግን በፐርሰፖሊስ ምሽግ ግንብ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ጽላቶች ተገኙ። ከ509 እስከ 493 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ የመዝገብ ቤት ሰነዶች ናቸው። ጦርነት የለበትም፣ ቅኔ የለበትም። ለማን ስንት ቁና ገብስ፣ ለማን ስንት ማድጋ ወይን ጠጅ፣ እሱ ብቻ ነው። የእኛ ሰው «ድርጎ» የሚለው ነው።

ለወለደች ሴት ተጨማሪ ድርጎ ተመድቧል። ወንድ ለወለደች የሴቷ እጥፍ፣ አዬ። የሥራ አለቃ የሆኑ ሴቶች ደግሞ ከብዙ ወንዶች የበለጠ ወይን ጠጅ ይቀበሉ ነበር።

ነገር ግን ወደ ሌላው ጫፍም አንሂድ። «ሁሉም ነጻ ደመወዝተኛ ነበር» የሚለው የኢንተርኔት ወሬ ከመጀመሪያው አይሻልም። ጽላቶቹ የሚናገሩት ስለ አካባቢው ሠራተኛ ሁሉ ነው፤ ስለ ቤተ መንግሥቱ ግንበኞች ብቻ አይደለም። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ በፈቃዳቸው ይሁን ተገደው ሁልጊዜ አይታወቅም። ድርጎ መቀበል ብቻውን ሰውን ነጻ አያደርገውም።

«ድሮም እንዲህ አመድማ ነበር»

ዛሬ የምናየው ግራጫ ድንጋይ ቀለሙን ጸሐይና ዝናብ የበሉት ነው። ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ርዝራዡ ተገኝቷል። ጣሪያው ደግሞ ዝግባ ነበር። ከአፓዳና 72 አዕማድ ዛሬ የቆሙት 13 ናቸው፣ ቁመታቸው 20 ሜትር ገደማ።

ቀሪዎቹስ? በ330 ከክርስቶስ ልደት በፊት ታላቁ እስክንድር አቃጠለው። «ሰክሮ ነው» የሚለውን ሁሉም ይወደዋል፤ ታይስ የምትባል የአቴና ሴት በድግስ መሃል ችቦ አስያዘችው ይባላል። አርያን የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ግን ሆን ብሎ፣ ፋርሶች አቴናን ላቃጠሉበት በቀል ነው ያደረገው ይላል። ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። የሰከረ ሰው ቂሙን አይረሳም።

«የፋርስ ቅርስ ሁሉ ኢራን ውስጥ ነው»

ከሁሉም የሚያስደንቀው ቅስት ያለው ኢራቅ ውስጥ፣ ከባግዳድ በስተደቡብ ነው። ታቀ ኪስራ ይባላል፤ የሳሳኒያኖቹ ዋና ከተማ የክቴሲፎን ቤተ መንግሥት የዙፋን አዳራሽ። ቁመቱ 35 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 25 ሜትር ገደማ። ብረት የለው፣ ምሰሶ የለው፣ ጡብ ብቻ። ከሥር የእንጨት ድጋፍ ሳይደረግ ነው የተገነባው። የጡቡን ረድፍ ወደ ኋላ ግድግዳ በትንሹ አጋድመው፣ አንዱን ቀለበት በሌላው ላይ እያስደገፉ ወደ ፊት ይመጣሉ። በ1888 ጤግሮስ ሞልቶ የፊቱን አንዱን ክንፍ ወሰደው። ቅስቱ ግን ቀረ።

አዳራሹን አሠራ የሚባለው በብዛት የሳሳኒያኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ኮስሮው ነው። ይህን ሰው እኛም እናውቀዋለን፣ ስሙን ባናውቀው እንኳ። በ570 ገደማ የመን ላይ ጦር ልኮ የአብርሃን ልጆች አገዛዝ ያስወገደው እሱ ነው። አብርሃ በአክሱም ጦር ውስጥ ቀይ ባሕርን የተሻገረ ሰው ነበር። የአክሱም ሰዎች በደቡብ ዓረቢያ የነበራቸው ዘመን ያበቃው ከዚህ ቤተ መንግሥት በወጣ ትእዛዝ ነው።

«ቸሄል ሶቱን 40 አምድ አለው»

ስሙ «አርባ አምድ» ነው። ኢስፋሃን ውስጥ በ1647 የተመረቀ የሻህ አባስ ሁለተኛው አዳራሽ ነው። ቁጠሩት፣ 20 ነው። አስጎብኚዎቹ ቀሪው 20 ፊት ለፊት ባለው የውሃ ገንዳ ላይ የሚታየው ጥላ ነው ይሏችኋል። ቆንጆ መልስ ነው። ግን በፋርስኛ 40 «ብዙ» ለማለትም ይውላል። ፐርሰፖሊስንም በመካከለኛው ዘመን «አርባ ሚናራ» ይሉት ነበር። የጎንደርን 44 ታቦት አንድ በአንድ ለመቁጠር የሞከረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

እግረ መንገድ፣ ኢስፋሃንን «የዓረብ ከተማ» የሚል አለ። ኢራናዊ ፊት እንዳትሉት።

«የጣዎስ ዙፋን ከህንድ የተዘረፈው ነው»

ግማሹ እውነት ነው። የፋርሱ ንጉሥ ናዲር ሻህ በ1739 ዴልሂን ዘርፎ ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሞጎሎቹን የጣዎስ ዙፋን ወሰደ። እሱ በ1747 ተገደለ፤ ዙፋኑም ጠፋ። ዛሬ ቴህራን ውስጥ በማዕከላዊ ባንኩ የጌጣጌጥ ሙዚየም የሚታየው ሌላ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለፈትህ አሊ ሻህ የተሠራ፣ መጀመሪያ ስሙ «የፀሐይ ዙፋን» የነበረ። «ጣዎስ» የተባለው በወፏ አይደለም። ታቩስ የምትባል የሻሁ ሚስት ነበረች፤ በእሷ ስም ነው። ቃሉ የእኛው ጣዎስ ነው።

«ጃንሆይ በፐርሰፖሊስ አዳራሽ ግብር በሉ»

በጥቅምት 1964 በእኛ አቆጣጠር ሻህ መሐመድ ሬዛ የፋርስን ነገሥታት 2,500 ዓመት አከበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከእንግዶቹ መካከል ነበሩ። ይህ እውነት ነው። ግብዣው ግን በፍርስራሹ ውስጥ አልነበረም። አዳራሹ ጣሪያ ካጣ 2,300 ዓመት አልፎታል። አጠገቡ ሜዳው ላይ የድንኳን ከተማ ተተከለ፤ ንድፉ ከፓሪስ፣ ምግቡም ከፓሪስ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ፤ በ1979 ሻሁ ተከተሉ። የድንኳኖቹ የብረት አጽም ከፐርሰፖሊስ ጎን ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ቀረ። የሰሎሞን ነው ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም።