የትኩሳት ሕመምተኛ አያያዝ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ «ያተኩሰኛል፣ ይቆረጣጥመኛል» ብሎ የመጣ ሰው ሕመሙ ወባ፣ ደንጊ ወይም ቺኩንጉንያ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም በትንኝ የሚተላለፉ ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ የተነሳው እዚሁ ነው። በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳረሰ። በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ የወባ ወረርሽኝ አስነሳች። ይቺ ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ሦስቱ በሽታዎች ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ድል ጮራም ሆነ ሳቢያን ሆስፒታል፣ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ የነርሷ ዓይንና እጅ ሥራ አይፈቱም።

ትንፋሽ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል። የድሬን ፀሐይ ችሎ በእግሩ የመጣ ሰው የደም ግፊቱ ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ቁጭ ይበል። ክንዱ በልቡ ትይዩ ይደገፋል፤ ወሬም ይቆማል።

ደንጊ ሲጠረጠር ደግሞ ምንም መሣሪያ የማይጨምር ምርመራ አለ። የግፊት መለኪያው በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ላይ ይነፋና 5 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ አየሩ ይለቀቅና ክንዱ ላይ የወጡ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ባይወጡም ደንጊ የለም ማለት አይደለም።

መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው ሞልቷል። ደንጊ ከተጠረጠረ ግን ዲክሎፌናክ ክልክል ነው፤ መድማትን ያባብሳል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሰጣል። «ግሉኮስ ስቀሉልኝ» ለሚለውም ፈሳሹ በልክ ነው፤ ከደም ሥር የሚያፈተልክ ፈሳሽ ሲበዛ ሳንባ ዙሪያና ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል።

አስታማሚን የሚያዘናጋው ትኩሳቱ የበረደ ዕለት ነው። «ተመስገን፣ ተሻለው» ተብሎ ወደ ቤት ለመሄድ ይታሰባል። የደንጊ አደገኛው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ። የማያቋርጥ ትውከት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የድድ መድማት ካለ ነርሷ ሐኪም ትጠራለች። የእጅ ጥፍርን ጫን ብላ ስትለቀው ቀለሙ ለመመለስ ከ2 ሴኮንድ በላይ ከፈጀም እንደዚያው።

ይህን ሁሉ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ማስረዳት ያስፈልጋል። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም የሚያፍርበትን ጥያቄ ይዘላል፤ በተለይ የማሕፀን ደም ነገር። ቋንቋውን የምትችል ባልደረባ መጥራት ይሻላል።

አጎበር ደግሞ ለሌሊት ብቻ አይደለም። ደንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ፣ ታማሚው ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲልም አጎበሩ ይወርዳል።