ውሃ ሙቀት አይበላም፦ ስለ ትንንሽ ኬዞችና ስለ ውሃ ማቀዝቀዣ

«ኬዙ ትንሽ ስለሆነ ውሃ ይግባበት።» ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ኬዝ የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚገጠሙበት ሳጥን ነው፤ ውሃ የሚሉት ደግሞ ፕሮሰሰሩን በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ሲስተም። የሚሉኝ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች፣ ሬንደር የሚሠሩ አርክቴክቶች፣ ጌም የሚወዱ ተማሪዎች ናቸው። ዴስክቶፕ ይፈልጋሉ፤ ግን ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ከቤት ቢሮ የሚመላለስ ዴስክቶፕ። ስለዚህ ይዘቱ ከ20 ሊትር በታች የሆነ ኬዝ ይመርጣሉ። ወርዱም ቁመቱም 17 ሴንቲሜትር የሆነ ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ይገዛሉ። ከዚያ ሙቀቱ ትዝ ሲላቸው ይደነግጡና ውሃ ይላሉ። አለቀ።

አላለቀም። ውሃ ሙቀት አያጠፋም፤ ያጓጉዛል እንጂ። ሥራው በፓምፕ እየተገፋ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ አንስቶ ፋን የሚነፋበት ራዲያተር ድረስ ማድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሙሉ በሙሉ የአየርና የፋን ነው፣ ልክ ውሃ እንደሌለው እንደ ተራው ማቀዝቀዣ። እንጦጦን የምትወጣ መኪና ራዲያተሯ እስከ አፉ ቢሞላም ፋኗ ካልዞረ ትግላለች። ኮምፒውተርም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም።

እስቲ ሒሳቡን እዩት። አርቲኤክስ 4070 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ እስከ 220 ዋት ይወስዳል። ጌም ላይ ያለ መካከለኛ ፕሮሰሰር የዚያን ግማሽ እንኳ አይደርስም። ሰዉ ግን ውሃውን የሚያስገባው ለፕሮሰሰሩ ነው። ትልቁ የሙቀት ምንጭ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትኩስ አየሩን ይተፋል። ራዲያተሩ ጣሪያው ላይ ተገጥሞ ፋኖቹ ወደ ውጭ የሚነፉ ከሆነ፣ በራዲያተሩ የሚያልፈው ካርዱ ያሞቀው አየር ነው። በሞቀ አየር ምን ይቀዘቅዛል? ለዚህ ነው ቀድሜ «ካርዱ ከየት ይተነፍሳል?» ብዬ የምጠይቀው። ማዘርቦርዱ በአንድ ጎን፣ ካርዱ በሌላው ጎን ጀርባ ለጀርባ በሚቀመጡባቸው ኬዞች ካርዱ በራሱ በኩል ወንፊት ስላለው ነገሩ ይቀላል። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ በሚታጨቁበት ኬዝ ግን ራዲያተሩን አየር አስገቢ አድርጋችሁ መሞከር አለባችሁ። ያኔ ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል፣ ካርዱ ትንሽ ይሞቃል። ሁለቱንም በነፃ የሚሰጥ አቀማመጥ የለም።

አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ደንበኛዬ 11 ሊትር ኬዝ ውስጥ ባለ 240 ሚሊሜትር ራዲያተር አስገጥሞ «ውሃው አይሠራም» አለኝ። ቢሮው ሄጄ ሳየው ውሃው በደንብ ይሠራል። ማሽኑ የተቀመጠው ግን በር ባለው የጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ ነው። የራዲያተሩ መተንፈሻና የሣጥኑ ጣሪያ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው፤ የካርዱን የኃይል ጣሪያ በትንሹ ዝቅ አደረግን፤ ችግሩ እዚያው አለቀ። አዲስ ዕቃ አልተገዛም። እሱ ግን ከዚያ የሚተልቅ ባለ 280 ራዲያተር ከዱባይ ሊያስመጣ ብር አዘጋጅቶ ነበር።

ይህን እምነት ዕድሜ የሚሰጠው ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ነው። ውሃ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ቴስት ከፍተው በአምስተኛው ደቂቃ «62 ዲግሪ ነው፣ ገዳይ!» ብለው ስክሪንሾት ይልኩልኛል። ወንድሜ፣ ውሃው ገና አልሞቀም። ፕሮሰሰሩንም ካርዱንም አንድ ላይ አስጨንቀህ፣ ኬዙን ዘግተህ፣ ግማሽ ሰዓት ተውና ያኔ ላክልኝ።

ሌላም አለ። የምታዩዋቸው የዩቲዩብ ሙከራዎች አብዛኞቹ ከባሕር ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ የሚሸከመው ሙቀትም እንደዚያው። «ስለዚህ ለእኛ ውሃ ነው የሚያዋጣው» የሚል ወዲያው ይነሳል። ራዲያተሩ የሚተነፍሰው የየትኛውን ሀገር አየር ሆኖ ነው? የሚያድነን የከተማችን አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላላችሁ አየሩ ይወፍራል፣ ግን ይሞቃል።

«ኬዙ 240 ይገባል ይላል፣ ስለዚህ ይገባል።» 240 የሚለው ስም የመጣው ጎን ለጎን ከሚገጠሙት ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋኖች ነው። ራዲያተሩ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙ ጊዜ 275 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ውፍረቱ 27፣ ፋኑ 25፣ ድምሩ 52 ሚሊሜትር። እንደ ሊያን ሊ ኤ4-ኤች2ኦ ወይም ፎርምዲ ቲ1 ባሉ ጠባብ ኬዞች ከዚያ በላይ የሚተርፈው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ቱቦዎቹ አሉ። ቱቦ እንደ ገመድ አይታጠፍም፤ በግድ ካጠፋችሁት ይጨመደዳል፣ ፍሰቱ ይቀንሳል። ረጅም ራም ከራዲያተሩ ጋር ይጋጫል። ፓወር ሰፕላዩ ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ከሆነ ርዝመቱ 100 ሚሊሜትር ነው፤ ኤስኤፍኤክስ-ኤል ከሆነ 130። ያቺ 30 ሚሊሜትር ናት ቱቦው የሚያልፍባት። ኬብሉም አጭር ይሁን፤ የተረፈ ኬብል የሚታጨቀው ሁልጊዜ አየር በሚያልፍበት ቦታ ነው። የእኔ ምክር፦ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ካርቶን በራዲያተሩና በፋኑ ልክ ቆርጣችሁ ኬዙ ውስጥ አስገቡ። ሰው ይስቅባችኋል። ይሳቅ። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ዕቃ አልገባም ብላችሁ የምትመልሱለት ሰው የለም።

«ውሃው ይፈላል።» አይፈላም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ከ50 ካለፈ ራሱ ችግር አለ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር የፕሮሰሰሩ እንጂ የውሃው አይደለም።

«ፕሮሰሰሩ 95 ደረሰ፣ ተቃጠለ።» የኤኤምዲ ራይዘን 7000 አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሄዱ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

«መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ቆሞ ፕሮሰሰሩን ያቃጥለዋል።» መብራት ሲጠፋ ፕሮሰሰሩስ በምን ይሠራል?

«ውሃው መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ጋ ይሂድ ወይስ ካርዱ ጋ?» ከፋብሪካ ተዘግቶ በማይመጣው፣ ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው በእጅ በሚገጠመው ዓይነት ሰው በዚህ ይጣላል። በደቂቃ ወደ 4 ሊትር ገደማ በሚፈስ ውሃ 300 ዋት ቢጨመርበት ውሃው የሚሞቀው በአንድ ዲግሪ አካባቢ ነው። ቱቦው የሚያጥርበትን መንገድ ምረጡ።

«የታሸገ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ሃይላንድ ጨምርበት።» ይህ ያናድደኛል። ለመጠጥ ንጹሕ የሆነ ውሃ ማዕድን አለበት። ማዕድኑ ፕሮሰሰሩ ላይ በሚቀመጠው፣ ውሃ በሚያልፍበት የመዳብ ብሎክ ቀጫጭን ክንፎች መካከል ይቀመጣል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። የሚያስፈልገው የተጣራ ዲስቲልድ ውሃና ዝገት የሚከላከል ተጨማሪ፣ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። የመዳብ ብሎክና የአሉሚኒየም ራዲያተርም በእጅ በሚገጠም ሲስተም አይቀላቀሉም፤ አሉሚኒየሙ በዝገት ይበላል። አንድ ልጅ ሁለቱንም ቀላቅሎ ሃይላንድ የሞላበትን ሲስተም አመጣልኝ። ብሎኩን ስከፍተው ክንፎቹ ነጭ ጭቃ በመሰለ ነገር ተደፍነዋል። ኤአይኦ የሚባለው፣ ከፋብሪካ ተሞልቶና ተዘግቶ የሚመጣው ዓይነት ደግሞ ጨርሶ አይከፈትም። እባካችሁ ዊንጮቹን ተዉአቸው።

«ተራ ማቀዝቀዣ ለደካማ ፕሮሰሰር ነው።» እንደ ኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል12ኤስ ያለ 70 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ማቀዝቀዣ ባለ 65 ዋቱን ራይዘን 5 7600 ያለ ጭንቀት ይይዛል። ወደ ታች ስለሚነፋም ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን የኃይል ክፍሎች፣ ራሙንና የኤም.2 ዲስኩን በዚያው ያበርዳቸዋል። ውሃ ስታስገቡ ይህ ነፋስ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ዲስኩ ግሎ ፋይል ሲገለበጥ ፍጥነቱ የሚወርድበትን ማሽን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ግን የሚጠረጥረው ዲስኩን ነው። ከባድ ራይዘን ፕሮሰሰር ካላችሁም በባዮስ (በማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባል የኃይል መቀነሻ አለ። ራይዘን 9 7900ኤክስ በወረቀት 170 ዋት ነው፤ ሲለቀቅ 230 ይደርሳል። ወደ 65 ዋት ስታወርዱት የሚቀንሰው ፍጥነት ከምትገምቱት በጣም ያነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ሬንደር የሚሠራ፣ ኬዙም ለራዲያተሩ የራሱ መተንፈሻ ያለው ሰው ውሃ ያስገባ፣ ተገቢ ነው። ለሌላው ብሩን ካርዱ ላይ ያውለው።

«ድምፅ የለውም።» ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ደግሞ ማሽኑ ሥራ ፈትቶም ይዞራል።

የመጨረሻው የፓምፑ ቦታ ነው። «ተዘግቶ ስለመጣ እንደፈለግሁ አስቀምጠዋለሁ» ይላሉ። በውስጡ ሁልጊዜ ትንሽ አየር አለ። ውሃውም በቱቦው ጎማ በኩል በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚተን አየሩ ይጨምራል። አየር ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የራዲያተሩ አንድ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ አየሩ ፓምፑ ውስጥ ይሰበሰባል። ትንሽ ኬዝ ያለው ሰው ደግሞ ኬዙን ማጋደም ይወዳል፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር እንዲገባለት። ስታጋድሙት ቆሞ የነበረው ስሌት ሁሉ ይገለበጣል፤ ፓምፑ የት እንደደረሰ እዩ። የሚንቦራጨቅ ድምፅ ከሰማችሁ መልሳችሁ አቁሙት።

ፓምፑ ከሞተ ደግሞ ማሽኑ ምንም ሳይሠራ ሙቀቱ ወደ 90 ይወጣል። ያኔ ሰው ሁሉ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን) ለመቀየር ይሮጣል። መጀመሪያ በእጃችሁ ዳስሱ፦ የፓምፑ አካባቢ ግሎ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አይዘዋወርም፤ ፔስት አይፈታውም። የፓምፑ ሶኬት ማዘርቦርዱ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ። ተሰክቶም እንደዚያው ከሆነ ማቀዝቀዣውን ቀይሩት።