ክፍለ ግዛቶች አነስተኛ የንጹሕ ኃይል ኩባንያዎች የፌዴራል ገንዘብ እንዲያገኙ የሚሰጡት ድጋፍ

በዩናይትድ ስቴትስ ለአዲስ የባትሪ፣ የፀሐይ ኃይል ወይም የሃይድሮጅን ቴክኖሎጂ ምርምር ከፍተኛውን የመንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው የፌዴራሉ የኃይል ሚኒስቴር ነው። ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ ግን ይህን ገንዘብ ለመጠየቅ ራሱ ወጪ አለበት፤ ፕሮፖዛል ጸሐፊ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚፈረም ውልና የወራት ጊዜ ያስፈልገዋል። በርካታ ክፍለ ግዛቶች የሚሸፍኑት ይህን ወጪ ነው።

ለአነስተኛ ድርጅቶች ዋናው በር በ1982 በሕግ የተቋቋመው የፈጠራ ምርምር ፕሮግራም፣ በተለምዶ ኤስ.ቢ.አይ.አር የሚባለው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ባሉ ድርጅቶች ለሚሠራ ምርምር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በጀት ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት 3.2 በመቶውን ለዚህ እንዲመድብ ይገደዳል። የኃይል ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት ሐሳቡ የሚሠራ መሆኑ ለሚፈተንበት ለመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ርዕሱ 200 ወይም 250 ሺህ ዶላር፣ ቴክኖሎጂው ለሚዳብርበት ለሁለተኛው 1.1 ወይም 1.6 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያ አድርጓል። አመልካቹ ከ500 የማይበልጡ ሠራተኞች ያሉት፣ ለትርፍ የሚሠራና ከግማሽ በላይ ድርሻው በአሜሪካ ዜጎች ወይም በቋሚ ነዋሪዎች የተያዘ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሳይጠብቅ ማመልከት ይችላል ማለት ነው፤ ብዙ የሀገራችን ልጆች ይህን ባለማወቅ ዕድሉን ያልፉታል። በ2022 የተራዘመው የፕሮግራሙ ሕግ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ብቻ የሚያገለግል ነበር። ስለዚህ ዝግጅት ከመጀመር በፊት አዲስ ጥሪ መውጣቱን ማረጋገጥ የግድ ነው።

የክፍለ ግዛቶቹ አሠራር ይለያያል። ዋዮሚንግ «ምዕራፍ ዜሮ» በሚለው ፕሮግራሙ ለፕሮፖዛል ዝግጅት አነስተኛ ገንዘብ ይሰጣል። ሰሜን ካሮላይና ከዝግጅቱ ወጪ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ላሸነፉትም ተጨማሪ ድጎማ ያክላል። «ይመልሳል» ማለት ኩባንያው አስቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኝ ያቀርባል ማለት ነው፤ ባዶ ካዝና ይዞ የሚመጣ አመልካች እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ከሁሉም ከባዱ የወጪ መጋራት ነው፤ ይህም አመልካቹ ከፕሮጀክቱ ወጪ የተወሰነውን ፌዴራሉ ከሚሰጠው ውጭ ራሱ እንዲያቀርብ መጠየቁ ነው። ኤስ.ቢ.አይ.አር ይህን አይጠይቅም፤ ሌሎች የኃይል ሚኒስቴር ጥሪዎች ግን በ2005ቱ የኃይል ፖሊሲ ሕግ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ለምርምርና ልማት ቢያንስ 20 በመቶ፣ ለማሳያ ፕሮጀክት ደግሞ 50 በመቶ ከአመልካቹ ይፈልጋሉ። በተደጋጋሚ የሚሠራው ስሕተት ከስሌቱ ይመነጫል። 20 በመቶው የሚሰላው ከጠቅላላው የፕሮጀክት ወጪ እንጂ ከፌዴራሉ ገንዘብ አይደለም። 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ኩባንያ ድርሻው 250 ሺህ ነው፤ 200 ሺህ ብሎ ያቀረበ 50 ሺህ ይጎድለዋል። ድርሻውን በሌላ የፌዴራል ድጎማ መሸፈን በመርሕ ደረጃ የተከለከለ በመሆኑ የክፍለ ግዛት ገንዘብ ዋጋው ከፍ ይላል። የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥሪ አውጥቷል፤ ከ2008 ጀምሮ ያለው የማሳቹሴትስ የንጹሕ ኃይል ማዕከልም አርፓ-ኢ የተባለው የፌዴራል የኃይል ምርምር ኤጀንሲ የመረጣቸውን ኩባንያዎች በዚህ መንገድ ይረዳል። ክፍለ ግዛቱ ድርሻውን እንደሚሸፍን የሚገልጽበት የቃል ኪዳን ደብዳቤ «የፌዴራሉ ገንዘብ ከተገኘ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ሊጻፍ ስለሚችል ቀነ ገደቡ ከመድረሱ ብዙ ሳምንታት ቀደም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥሩ ሐሳብ ያላቸው አመልካቾች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በምዝገባ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚጠይቁ ድርጅቶች በሚመዘገቡበት፣ ሳም በሚባለው የፌዴራል መዝገብ የኩባንያው ሕጋዊ ስምና አድራሻ ከግብር ሰነዱ ጋር በአንዲት ቃል እንኳ ቢለያይ ማረጋገጫው ይቆማል፤ ለማስተካከልም ሳምንታት ይወስዳል። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ክፍያም የለውም። ክፍያ የሚጠይቅ ኢሜይል የሚመጣው ከግል ደላላ ነው። በኃይል ሚኒስቴር ኤስ.ቢ.አይ.አር ደግሞ ከሙሉው ማመልከቻ ሳምንታት ቀድሞ የፍላጎት ደብዳቤ ይገባል፤ ያላስገባ ሰው ፕሮፖዛሉ አይታይለትም።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ክልክል ነው። ፌዴራሉ የላብራቶሪ ሙከራውን ከከፈለ፣ የክፍለ ግዛቱ ተጨማሪ ድጎማ ለገበያ ጥናት፣ ለፓተንት ወይም በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ለሚፈጠረው የወራት ክፍተት ደመወዝ ይውላል። ሁለቱ ሒሳቦች ከመጀመሪያው ቀን ተለይተው መያዝ አለባቸው፤ የሠራተኛው የሰዓት መዝገብ ሳይቀር።