ስፑል ስለማዛወር የሚወራው እና እውነታው

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ካለ ቢሮ ሆነው የውጭ ድርጅቶችን ሜይንፍሬም (ትልልቅ ኮምፒውተሮች) በርቀት የሚያስተዳድሩ ልጆችን አሠለጥናለሁ። የሠልጣኞች ባች በተቀየረ ቁጥር ያቺው ወሬ ትመጣለች፦ «የስፑል ቮልዩም ለማስለቀቅ ጆቦቹ እስኪያልቁ መጠበቅ ግድ ነው።» ስፑል ማለት ማሽኑ የሚሠራቸው ሥራዎች፣ ማለትም ጆቦቹ፣ ግብዓታቸውና አውትፑታቸው የሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ ነው፤ ቮልዩም የምንለው ከዲስኮቹ አንዱን ነው። ዋናዋን ወሬ ወደ ኋላ ላቆያትና ትንንሾቹን ላስቀድም።

«ስፑል ከሞላ ሲስተሙ ይወድቃል።» አይወድቅም። አዲስ ጆብ አይገባም፣ የሚጽፍበት ቦታ ያጣውም ቆሞ ይጠብቃል። ጆቦቹንና ስፑሉን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ጄስ2፣ ከዚያ በፊት በሀስፕ 050 መልእክት ያስጠነቅቃል፤ አይቶ ዝም ያለው ኦፕሬተር ነው ተጠያቂው።

«ቮልዩም ለመጨመር ሲስተሙ መጥፋት አለበት።» በአንድ ኮማንድ ይጨመራል፣ ማንም ሳይነካ። ጣሪያው 253 ቮልዩም ነው።

«መብራት ከጠፋ ዝውውሩ ይቋረጣል።» ይህቺ የሰፈራችን ፈጠራ ናት። ሜክሲኮ ላይ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ያንተ ስክሪን ነው። ዝውውሩን የሚሠራው እዚያው ማሽኑ ላይ ያለው ጄስ2 ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ማኪያቶህን ጠጣ።

«እንደማንኛውም ፋይል ኮፒ አድርጌ አዛውረዋለሁ።» ኧረ በፈጠራችሁ! የአንድ ጆብ አውትፑት አንድ ቦታ የተቀመጠ ፋይል አይደለም። በየቮልዩሙ በቁርጥራጭ ተበትኖ በአድራሻ የተያያዘ ነው፤ የጆቡ መቆጣጠሪያ መረጃ ራሱ ያለው እዚያው ስፑል ላይ ነው። ከጄስ2 ጀርባ የተገለበጠ ኮፒ ማንም የማይፈልገው ኮፒ ነው፣ አድራሻዎቹ አሁንም የሚያመለክቱት አሮጌውን ነዋ።

አሁን ወደ ዋናዋ። የጥንቱ ዘዴ ድሬን ማድረግ ነበር፦ ቮልዩሙ አዲስ ነገር መቀበል ያቆማል፣ የያዘው ሁሉ እስኪሰረዝ ይጠበቃል። ችግሩ፣ እንደ ሲአይሲኤስ (የግብይት ማስተናገጃ) እና ዲቢ2 (ዳታቤዝ) ያሉት ሥራዎች አንዴ ከተነሡ ለወራት አይወርዱም። ሎጋቸው (የሥራ መዝገባቸው) ቅንጣት ታህል ቦታ እዚያ ከያዘ ድሬኑ እነሱ እስኪወርዱ አያልቅም። ትዕግሥት ያጣ ሰው ደግሞ «ካንስል» የሚለውን ይጨምርበታል። አንድ የሌሊት ሺፍት ላይ የነበረ ልጅ ይህንኑ አደረገ። ቮልዩሙ ወዲያው ለቀቀ፤ ግን እዚያ ቁራጭ የነበራቸው ጆቦች ሁሉ፣ ሌላ ቮልዩም ላይ ካለው አውትፑታቸው ጭምር፣ አብረው ተጠረጉ። ጠዋት ደንበኛው የሌሊቱን ሪፖርት ሲጠይቅ የሚሰጠው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. 2011 ላይ ከወጣው ዜድ ኦኤስ 1.13 (የሜይንፍሬሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ጀምሮ ግን የስፑል ማይግሬሽን ኮማንድ አለ፤ ዶላር ኤም ኤስፒኤል ብላችሁ ምንጩንና መድረሻውን ትነግሩታላችሁ። ጆቦቹ እየሠሩ መረጃው ይዛወራል። ወይ ሙሉ ቮልዩሙ ወደ አዲስ ይሄዳል፣ ወይ በሥራ ላይ ካለ ሌላ ቮልዩም ጋር ይዋሃዳል።

የሚያደናግራቸው ውህደቱ ነው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የቮልዩሞቹን ዝርዝር ሲያወጡ የአሮጌው ቮልዩም ስም አለ፣ አጠገቡ «ማፕድ» ይላል። «ከሸፈ» ብሎ ለተረካቢው ሺፍት ሪፖርት የጻፈ ሠልጣኝ ነበረኝ፤ ደንበኛው ያንን አምኖ ሥራውን እንደገና ሊያስጀምር ምንም አልቀረውም። አልከሸፈም። ፒያሳ ፈርሳ ሱቆቹ ሲነሡ ደንበኛ አሁንም በድሮው ስማቸው እየጠራ አዲሱ ቦታ ድረስ እንደሚሄደው ነው፦ የድሮው አድራሻ ይሠራል፣ መረጃው ያለው ግን መድረሻው ላይ ነው። ስሙ የሚጠፋው በዚያ አድራሻ የሚታወቁት ጆቦች ሲሰረዙ ነው፤ ወራት ቢፈጅም አትነካኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት ስፑሉን የሚጋሩት ሲስተሞች ሁሉ 1.13 እና ከዚያ በላይ መሆናቸውን፣ ቼክፖይንቱ (ጄስ2 የጆቦቹን ወረፋ የሚመዘግብበት ፋይል) ዜድ11 በሚባለው ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን፣ መድረሻውም በቂ ባዶ ቦታ እንዳለው እዩ። አንዱ ከጎደለ ኮማንዱን ደጋግሞ መምታት ትርጉም የለውም። ስቶሬጅ ክፍሉ «ዲስኩን መልሱልን» እያለ ቢጨቀጭቃችሁም፣ ዝርዝሩ ላይ «ማፕድ» ሲል ወይም ስሙ ጨርሶ ሲጠፋ በዓይናችሁ ሳታዩ እንዳትሰጡ።