ከስድስት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ፦ የተማሪዎች የአንድ ቀን ጉብኝት

የስድስት ኪሎው የኢትኖሎጂ ሙዚየምና የአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም በእግር የሚገናኙ ስለሆኑ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ሁለቱንም ያስጎበኛሉ። ብዙዎቹ ድንቅነሽን ለማየት ቸኩለው ከአምስት ኪሎ ይጀምራሉ። አያዋጣም፤ ቀጥሎ ያለው መንገድ ዳገት ነው፣ ልጆቹም ትዕግሥት የሚጠይቀው ሙዚየም ላይ የሚደርሱት ደክሟቸው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል መውረድ ይሻላል።

የኢትኖሎጂ ሙዚየሙ ያለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት በ1954 ዓ.ም. ነበር። ቅርሶቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ተማሪ ዕቃ የተከማቸበት መጋዘን የገባ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ልጅ አያቱ ቤት የሚያውቀውን አንድ ዕቃ እንዲፈልግ ማዘዝ ከረጅም ገለጻ የበለጠ ይሠራል።

የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች ብዙ ሰው አይዙም። 40 ልጅ አንዴ ከገባ ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ ለ15 ልጅ አንድ መምህር መድቦ በየተራ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ተራ የሚጠብቁት ደጅ ያለውን የጣሊያን ደረጃ ያያሉ። እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲወክል ተሠራ፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ ነው። ተከትሎ የመጣውን ጭፍጨፋ ግን አደባባዩ ላይ ባለው ሐውልት ሥር መተረክ ይቀላል፤ እዚያ ዝም በሉ የሚል የለም። የካቲት 12 ዕለት ግን የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥበት ሥነ ሥርዓት ስላለ ሌላ ቀን ይመረጥ።

ምሳ 6 ሰዓት ላይ ከሙዚየሞቹ ውጭ ይበላል፤ የምሳ ዕቃ ይዞ መግባት ከጥበቃዎች ጋር ያጨቃጭቃል።

አምስት ኪሎ ላይ ድንቅነሽ ያለችው ምድር ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ለዕይታ የቀረበችው በቅጂ ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። መምህሩ ይህን አውቶቡስ ውስጥ ካልተናገረ፣ አንዱ ልጅ «ውሸት ነው!» ሲል ክፍሉ ሁሉ ተከትሎት ይወጣል።

የተማሪውን ቁጥር የያዘ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከሳምንት በፊት ለሁለቱም ሙዚየሞች ይገባል። አውቶቡሱ ልጆቹን ስድስት ኪሎ አውርዶ አምስት ኪሎ ይጠብቃል፤ ቆጠራው ግን ሁለቱም ቦታ ላይ ነው።