የዲፈረንሻል ዘይት፦ ድሬዳዋ ውስጥ የሚወራውና እውነታው

«ሲንተቲክ ከሆነ ለሁሉም ይሆናል።»
አይሆንም። ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን ነው፤ ሲንተቲክ በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት ሲሆን ሚኒራል ከድፍድፍ የተጣራው ነው። ሊሚትድ ስሊፕ ወይም ኤልኤስዲ የሚባለው ዲፈረንሻል በአብዛኛው ውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ስስ ዲስኮች ተደርድረውበታል። አንዱ ጎማ አሸዋ ላይ ሲሽከረከር ዲስኮቹ ተያይዘው ኃይሉን ወደ ሌላኛው ጎማ ያሻግራሉ። መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ በእርጋታ መንሸራተት አለባቸው። ይህን የሚያለሰልሰው ፍሪክሽን ሞዲፋየር የሚባል ማሟያ እንጂ የዘይቱ ሲንተቲክ መሆን አይደለም። ማሟያው የሌለበት ውድ ሲንተቲክ ከገባ፣ ከዚራ ሰፈር ጠባብ መታጠፊያ ላይ ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ ከኋላ ማጉረምረምና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እኔ ብሆን ኤልኤስዲ ያልተጻፈበት ሲንተቲክ ከምገዛ ኤልኤስዲ የተጻፈበትን ሚኒራል ገዝቼ ቶሎ ቶሎ ብቀይር እመርጣለሁ።

«ማሟያው በበዛ ቁጥር ይሻላል።»
ብዙዎቹ የኤልኤስዲ ዘይቶች ማሟያው አስቀድሞ ተቀላቅሎባቸው ነው የሚሸጡት። በላዩ ላይ ከተጨመረ ዲስኮቹ ከመጠን በላይ ይንሸራተቱና ኤልኤስዲው ተራ ዲፈረንሻል ይሆናል። ለብቻው የሚሸጠው ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። የሚጨመረው ግን ማጉረምረሙ ከተሰማ ብቻ፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ከዚያ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ደጋግማችሁ አዙሩት፤ አዲሱ ዘይት ዲስኮቹ መካከል ሲገባ ድምፁ በራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ቶርሰን የሚባለው በጥርስ ብቻ የሚሠራ ዓይነት ደግሞ ዲስክ ስለሌለው ማሟያው አያስፈልገውም።

«ድሬ ሙቀት ነው፣ 140 ይግባ።»
በዘይቱ ጣሳ ላይ በሚጻፈው የውፍረት ቁጥር፣ ለምሳሌ 75ደብልዩ-90 ላይ፣ 75 የቅዝቃዜ ቁጥር ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ብዙም ትርጉም የለውም። የሚሠራው 90ው ነው። ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የሚኖረውን ውፍረት ስለሚለካ፣ የ75ደብልዩ-90 እና የ80ደብልዩ-90 ውፍረት በዚያ ሙቀት ላይ አንድ መደብ ነው። ሲንተቲክ እዚህ የሚጠቅመው ጭነት ይዞ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ፣ ዘይቱ በሙቀት ቶሎ ስለማይበላሽ ነው። ከ90 የወፈረው 140 የሚገባው የመኪናው መጽሐፍ ካዘዘ ነው።

«ፒክአፕ ሁሉ ኤልኤስዲ አለው።»
የለውም። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፋችሁ፣ የኋላውን በክሪክ አንስታችሁ ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። ማርሹን ኒውትራል፣ የእጅ ፍሬኑን ፍቱና አንዱን ጎማ አዙሩ። ሌላኛው ወደ ተቃራኒ ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ነው፤ ወይም ያለቀ ኤልኤስዲ። አብሮ በአንድ አቅጣጫ ከዞረ ኤልኤስዲ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ውስጥ የኤልኤስዲ ዘይት ቢገባ ጉዳት የለውም፤ ገንዘቡ ነው የሚባክነው።

«የተረፈውን ካምቢዮ ውስጥ ጨምረው።»
ይህ ትልቁ ስህተት ነው። ለዲፈረንሻል በሚሆነው፣ ጂኤል-5 በሚባለው የዘይት ደረጃ ውስጥ ያለው የሰልፈር ማሟያ በካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። የሐረር ታክሲ ሆነው የምናውቃቸው የድሮዎቹ ፔጆ 404ዎች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ብዙዎቹ ሴዳኖች የዲፈረንሻላቸው ትልቁ ጥርስ ራሱ ነሐስ ስለሆነ ጂኤል-5 አይሆናቸውም።

የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ውስጥ የገባ መኪና ካላችሁ ግን የዘይቱን ዓይነት ከመከራከር በፊት የዲፈረንሻሉን መሙያ ፈትታችሁ ዘይቱን እዩት። ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ ሲንተቲክም ሚኒራልም ቢሆን ዛሬውኑ ይደፋ።